የወፍጮ ቤቱ ሚዛን

ሰኞ ጠዋት መጣ እንየው በያጁ፣
የመኪና ቅባት የጠጣ ነው እጁ።
«ሚዛንሽን አውሺኝ» አለኝ ቆሞ በሩ ላይ።
«ምን ልትመዝንበት?»
«ሊሄድ ያለ ሰማይ።»

ደጀን ሙሉ ያውቃል፤
ከጋራዡ ጀርባ አራት ክረምት ሙሉ ይቆርጣል፣ ይልጋል፤
የጽድ አጥንት ያለው፣ አቡጀዲ ለብሶ ቀለም የነካው ክንፍ፣
የፎልስዋገን ሞተር፣ የአይሱዙ ባትሪ፣
መቀመጫው ደግሞ ከተጣለ ባጃጅ፣ ስፖንጁ የሚረግፍ።
ፖሊስ አንዴ መጥቶ፣ ዞሮት ዞሮትና፣
«ታርጋ አለው?» ብሎ ሄደ፣ መልስ ሳይሰማ ገና።

ሦስት ጎማ፣ ሦስት ሚዛን፦
የበርበሬ ነጋዴው የልንገረው ከግራ፣
የማኅበሩ ከቀኝ፣ የእኔ ከወደ ጭራ።
እሱ ውስጥ ተቀምጦ ትንፋሹን ዋጥ አርጎ፣ እኔ ቁጥር ስጠራ፦
«ሃምሳ ሁለት ኪሎ!»
ጻፈ። ሰረዘ። ጻፈ።
«ኋላው ከበደብኝ።» ላቡ ከግንባሩ ቁጥሩ ላይ ረገፈ።

እኔስ ምን አውቄ!
ኩንታል ኩንታል ነው፣ ፊት ተሸከሙት ኋላ፣
ዋጋው አይለወጥ፣ አስፈጭቶ ለሚበላ።

የገበሬ ልጅ ነው፣ ምሳሌ አላጣም፤
«ዕርፍ ጨብጠሽ ታውቂያለሽ?»
«አይቻለሁ እንጂ አልጨበጥኩም።»
«እንግዲያ አይተሻል። ሞፈሩ ረጅም፣ ወገሉ በልኩ፣
በሁለት ጣት ቢይዙት፣ ቢያፏጩም ቢያወጉም፣ አይፈርስም መልኩ፤
ትልሙን ራሱ ያውቃል።
ያጠረው ሞፈር ግን፣ ዕርፉን ባነቁት ቁጥር ይብሱን ይዘላል፤
ግራ ሲሉት ቀኝ ነው፣ ሽቅብ ሲሉት ቁልቁል፤
ማታ በሬው አርፎ አራሹ ነው የሚዝል።

የኔም ጭራው አጥሯል።
ደግ አውሮፕላን ማለት የሚታዘዝ ብቻ እንዳይመስልሽ፤
የሚመለስ ነው ወደ ቦታው፣ እጅሽን ስትለቂለት ፈርተሽ።
ነፋስ አፍንጫውን ሽቅብ ቢያነሳው፣
እሱው ዝቅ የሚያደርግ፣ ሳልነካው ሳልቆጣው።»

እኔ በልቤ ሳቅሁ፤
ይህን መሳይ ባል ነው አሥር ዓመት የፈለግሁ።

ኅዳር ላይ ሞክሮት፣
አፍንጫው ሲነሳ ሲጫነው፣ ሲደፋ ሲስበው፣
እሱው ሲያርም እሱው ሲያጠፋ፣ እጁ ዘወትር ዘግይቶ ሲደርስበት፣
ሦስቴ እንደ ኳስ ነጥሮ፣ አንድ ጎማ ቀረበት።

ስለዚህ ጭራውን በአንድ ክንድ አስረዘመው፤
ባትሪውን ወደ ፊት፤ ያም ሆኖ ጥቂት ጎደለው።
ከአባቴ የቀረ፣ ከጓዳዬ የዛገ፣ የሚዛን ድንጋይ፣
(ድንጋይ ይሉታል እንጂ ድፍን እርሳስ ነው፣ አራት ኪሎ ተኩል)
ሰጠሁት፤ አሰረው ሞተሩ ላይ።
አንድ እርሳስ ከጆሮው፣ አንድ እርሳስ ካፍንጫው፤
የጻፈው ያኛው ነው፣ ያቃናው ይኸኛው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ የዓባይ ገደል ነፋስ ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣
እህቱ የሽሀረግ ክንፉን ይዛ ሮጠች፣
ሮጠችና ለቀቀችው፣ በቃ።
የባሕር ዛፍ ቁመት። ከዚያም ትንሽ በላይ።
ሳይታሰብ ካፋፉ አንድ ነፋስ ዘሎ፣
አፍንጫው ቀና አለ ወደ ፀሐይ።
እኔ ጥርሴን ነከስኩ።
እብዱ ግን ሁለት እጁን አውጥቶ
ባዶ መሆናቸውን አሳየን፤ ዕርፉን ትቶ!

ወረደ። ወጣ። ወረደ፣ ከበፊቱ ባነሰ።
ወጣ፣ ደግሞ ባነሰ።
እህል እንደ ጫኑት እንደ ሚዛኔ ምላስ
እየተንቀጠቀጠ፣
ልኩን አገኘው ቀስ በቀስ።

ሲያርፍ የገብስ ቃርሚያ ላይ ተንሸራቶ ዞረ፤ ሰው እልል ይላል፤
እሱ አልሳቀም፤ ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን ይፈልጋል።
«ወደ ግራ» አለኝ፣ «ትንሽ ወደ ግራ ይጎትታል።»

ሚዛኔ ሰኞ ተመለሰ፣ ከሥሩ ሣር ተጣብቆበት።
አንዲት ሴት ዳጉሳ አምጥታ፣ ምላሱ ሲወዛወዝባት
«ያዥው እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ።
እጄን ከኋላዬ አጣመርኩ።